ምስሉ ጥርት ብሎ ነበር

የዕቃ ቤቱ በር አልተሰበረም፤ ቁልፉም አልተነካካም። መደርደሪያው ላይ ግን መሣሪያው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ዙሪያው አቧራ፣ መሃሉ ንጹሕ። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ባዶውን ቦታ በመዳፏ እየዳሰሰች ታለቅሳለች። "አትንኪው፣ አሻራ ይኖራል" ስላት እጇን ሰበሰበች፤ ለቅሶዋን ግን አላቆመችም።

ቦታው ማዋለጃ ሆስፒታል ነው። የጠፋው በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ ነው፤ አዋላጆቹ ራቅ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ሲሄዱ በቦርሳ ይዘውት የሚወጡት፣ ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ እንዴት እንደተቀመጠ የሚያሳይ መሣሪያ። የገዙት እናቶች ናቸው። እዚህ ቤት በደህና የተገላገሉ ሴቶች ለምስጋና ብለው አዋጥተው ያመጡት ነው። እኔም አዋጥቻለሁ። ልጄ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ያስጨነቀችን እዚሁ ነበር፤ እስከ ዛሬ በዚያ ኮሪደር ሳልፍ ድምፄ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሌባው የሰረቀው ከእኔም ነው። ይህን ለአለቃዬ አልነገርኩትም፤ ቢሰማ ጉዳዩን ከእጄ ይወስደው ነበር።

"ዓርብ ማታ ስወጣ ነበር" አለች የዕቃ ቤት ኃላፊዋ። "በዓይኔ በብረቱ አይቼው ነው የቆለፍኩት። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ስከፍት የለም።"

"ሌላ ቁልፍ ማን ጋ አለ?"

"ምክትሉ ቢሮ፣ መሳቢያ ውስጥ።"

ምክትሉ የሆስፒታሉ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ አብሮኝ ለመጣው ሳጅንም ሌላ ወንበር አስመጡ፣ ውሃ አስቀረቡ። ከቤታቸው ዕቃ ለጠፋባቸው ሰው በጣም የተረጋጉ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የተረጋጋ ሰው እወዳለሁ፣ ሥራ ያቀልልኛል።

"እኔ ዓርብ ማታ ከከተማ ወጥቼ ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት" አሉ። "አማቶቼ ጋ ነበርኩ። ቁልፉ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው አይቆለፍም።"

"ቢሮዎ ማን ይገባል?"

"ማን የማይገባ አለ? ብዙውን ጊዜ ግን ሽቦው ነው። ኮምፒውተር ተበላሸ ስንል እሱ ነው የሚመጣው።"

ሽቦ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሠራተኛው ቅጽል ስም ነው። ሰውነቱም ቀጭን ነው፤ ሥራውም ሽቦ መጎተት ነው፤ ስሙ እንዲያው በራሱ ጊዜ መጥቶ የተጣበቀበት ይመስለኛል።

"ካሜራ አላችሁ አይደል?"

"አለ ይባላል" አሉ ምክትሉ ፈገግ ብለው። "እሱንም ያዘጋጀልን ሽቦው ነው። ምስሉ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ሰውየው ከወገቡ በላይ መጥቶ እግሩ የሚቀር ካሜራ። ልጁን ለመክሰስ አይደለም፤ ግን ካሜራውን የሚያዝዘው እሱ ብቻ ነው።"

የሰርቨር ክፍሉ ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ማሽኑ ያጓራል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው የተበላሸውን አጥፍቶ መልሶ ማብራት ነው፤ ሳጅኑ ግን ይችላል። ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ትንሽ ነካካና ቀና አለ።

"ካሜራዎቹ የሚልኩትን ምስል የሚቀዳው ማሽን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጠፍቷል፣ ኢንስፔክተር። በትእዛዝ ነው የጠፋው፤ ትእዛዙ የተሰጠው ከዚህ ጠረጴዛ፣ በዚህ ሰውዬ የኮምፒውተር መግቢያ መለያ ነው። የተነሳው ዛሬ ጠዋት ነው። በመሃል የተቀዳ ነገር የለም።"

ሽቦው በሩ አጠገብ ቆሟል። እንቅልፍ ያልነካው ሰው ዓይን ነው ያለው፤ ሸሚዙ ተጨማድዷል።

"ቅዳሜ ምን ስትሠራ ነበር?" አልኩት።

"ምንም። የተለመደ ሥራ።"

"ምን ዓይነት የተለመደ?"

"ጥገና... ሚስቴ ምጥ ያዛት ብለው ደወሉልኝ። እዚሁ ፎቅ ላይ ናት። ሮጬ ወጣሁ።"

"ከመሮጥህ በፊት ማሽኑን አጠፋኸው?"

"አላውቅም። ምናልባት እኔ ነኝ።"

በሥራ ዘመኔ "እኔ ነኝ" ያለኝ አለ፣ "እኔ አይደለሁም" ያለኝም ሞልቷል። "ምናልባት እኔ ነኝ" ያለኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው።

"ምጥ ክፍል በር ላይ ያየህ ሰው አለ?"

"ባሎች አይገቡም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ማንም አላየኝም።"

የሚደብቀው ነገር እንዳለ ግልጽ ነበር፤ ከማሰር ሌላ ምርጫም አልነበረኝም። ሳጅኑ ይዞት ሊወጣ ሲል ሽቦው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ለሚስቱ ራሴ እንድነግርለት። "ሌላ ሰው ከነገራት ትደነግጣለች" አለኝ። ፖሊስ ብትነግራት የማትደነግጥ መስሎት ነው እንግዲህ።

አራሷ መስኮቱ አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ናት፤ ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል፤ እናቷ ከጎኗ ጨርቅ ታጥፋለች። አዋላጇ ነርስ ቀደም ብላ እንደነገረችኝ ወሊዱ ከባድ ነበር፤ ሁለቱንም ለጥቂት ነው ያተረፏቸው። የያዝኩትን ወሬ ይዤ እዚያ ክፍል መግባት እንዴት እንደከበደኝ አልረሳውም። በተቻለኝ መጠን አሳጥሬ ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ልጁን ትንሽ አቀናችው።

"ዛሬ ውጡ ብለውናል" አለች። "አልጋው ይፈለጋል። ግን እሱ መጥቶ ካልወሰደን አልወጣም።"

"ልጄ፣ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል።"

"ይውሰድ። እኔ እዚህ ነኝ። ይህን ቤት ሌት ተቀን ያገለገለ ሰው ልጁን ታቅፎ በፊት በር ነው የሚወጣው። ተከልሎ በጓሮ እንዲወጣ አልፈልግም፤ እኔም ያለ እሱ አልሄድም።"

እናትዮዋ ጨርቁን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ። "አማቱ ስለሆንኩ አይምሰልሽ፣ ልጄ። ይህ ልጅ የሰው ዕቃ አይነካም። የነካው ነገር ቢኖር ያ ኮምፒውተሩን ነው፤ እሱን ደግሞ እጁን ታጥቦ ነው የሚነካው።"

ከክፍሉ ስወጣ አዋላጇ በር ላይ ጠበቀችኝ። አልጋውን እስከ ነገ ጠዋት ልታቆይላቸው እንደምትችል፣ ከዚያ በላይ ግን የሚወልዱ ሴቶች ኮሪደር ላይ እንደሚቀሩ ነገረችኝ። አመስግኛት ወደ በሩ ወረድኩ።

የበሩ ጥበቃ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ "ጋሽ መውጫ" ይላቸዋል፤ ካርቶን የያዘም ሆነ ሕፃን የታቀፈ ሰው መውጫ ወረቀት ሳያሳይ በእሳቸው በር አያልፍም። ዋናውን ሥራ አስኪያጅ እንኳ በገዛ ሻንጣው አንዴ መልሰውታል ይባላል። በጥበቃ ቤታቸው ውስጥ የካሜራውን ምስል የሚያሳይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል።

"ቅዳሜ ከሰዓት ምን አዩ፣ ጋሼ?"

"ሰው አየሁ። የጥየቃ ሰዓት ነበር፤ ይገባል፣ ይወጣል።"

"ቴሌቪዥኑ ላይ ማለቴ ነው።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። "መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ታመመ።"

"እንዴት ታመመ?"

"ብልጭ ድርግም ይላል። ሰው በኮሪደሩ ሲመጣ ከወገቡ በላይ ይታያል፣ እግሩ ይቀራል። እግሩ ሲመጣ ደግሞ ጭንቅላቱ የለም።"

"ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?"

"በጭራሽ።"

"ለማን ነገሩ?"

ወለሉን አዩ። "ለማንም። መታሁት።"

"ማንን?"

"ቴሌቪዥኑን። በጥፊ። የሰበርኩት መስሎኝ ደንግጬ ዝም አልኩ። አሁን ስትጠይቂኝ ነው የምናገረው።"

ሳጅኑ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ግን የሽማግሌው ወሬ የሆነ ቦታ የሰማሁት መሰለኝ፤ የት እንደሆነ ሊመጣልኝ አልቻለም።

"ከዚያ ጨርሶ ጠፋ?" አልኳቸው።

"የት ይጠፋል? ዳነ እንጂ። ድንገት ጥርት አለ፤ እሑድንም እንደዚያው ሲያሳይ ዋለ።"

"ጋሼ፣ የሚቀዳው ማሽን በዚያ ሰዓት ጠፍቷል። እሱ ከጠፋ ይህ ቴሌቪዥን ምንም ሊያሳይ አይችልም። ጨለማ መሆን ነበረበት።"

"ስለ ማሽኑ እኔ እንጃ። ምስሉ ጥርት ብሎ ነበር።"

አሁን ሳስበው ትዕግሥቴ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው ተኝተው ነበር ወይም ተሳስተዋል ብዬ ደመደምኩ። ለእሳቸውም ለእኔም የሚመች ቃል ጻፍኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ስለነበር ምንም አላየሁም የሚል። አንብቤላቸው እስክሪብቶ ሰጠኋቸው።

"ይህን ከፈረሙ ማንም አይነካዎትም" አልኳቸው። "የጠፋ ቴሌቪዥን ላይ ሌባ እንዲያዩ አይጠበቅብዎትም።"

"ካልፈረምኩስ?"

"ያኔ ምስሉ እየታየ ሌባ አልፎዎታል ማለት ነው። ወይ ተኝተዋል ይባላሉ፣ ወይ ተባብረዋል።"

እስክሪብቶውን ከድነው መለሱልኝ። "አልተኛሁም፣ አልተባበርኩምም። ሰው ሲበዛ ዓይኔ በሩ ላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑን አላየሁም። ለዚያ ከቀጡኝ ይቅጡኝ። ያልሆነውን ግን አልፈርምም።"

ተናድጄ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ሳለሁ አለቃዬ ደወለ። ኮማንደሩ ነገር መጎተት አይወድም፤ ተጠርጣሪ አለ፣ መለያው አለ፣ ካሜራውን አጥፍቷል፣ የቁልፉን ቦታ ያውቃል። "ነገ ጠዋት መዝገቡን ወደ ዐቃቤ ሕግ ላኪው" አለኝ። ዘበኛው የሚሉትን ስነግረው ሳቀ። "ሽማግሌ ነው፤ ተይው።"

ልተወው ፈልጌ ነበር፤ ቀልቤ ግን እምቢ አለ። ዋሽቶ ራሱን የሚያድን ሰው አይቻለሁ፤ እውነት ያልሆነ ነገር ይዞ ራሱን ገደል የሚከት ሰው ግን አላየሁም። ሽማግሌው ከዚያ ወረቀት የሚያገኙት ጥቅም ብቻ ነበር። እምቢ ካሉ፣ ያዩትን አይተዋል።

"ወደ ጣቢያ መልሰን" አልኩት ሳጅኑን። "ከልጁ ጋር እናወራለን።"

ሽቦው ማረፊያ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ውሃ አስመጣሁለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የሚቀዳው ማሽን ጠፍቶ የጥበቃው ቴሌቪዥን ምስል ሊያሳይ ይችላል?"

"አይችልም። ቴሌቪዥኑ ምስሉን የሚጠይቀው ከዚያ ማሽን ነው። ሌላ..." ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሌላ ምን?"

"ሌላ ማሽን ከሌለ በስተቀር።"

"አለ?"

ራሱን በእጆቹ ያዘ። ከዚያ የደበቀውን ሁሉ ዘረገፈው።

"የሚቀዳው ማሽን የሚዳሰስ ዕቃ አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ቨርቹዋል ማሽን ነው። ትልቁን ሰርቨር እንደ አንድ ግቢ ይዩት፤ ውስጡ ብዙ ተከራይ አለ። የላቦራቶሪው፣ የካርድ ክፍሉ፣ የካሜራው፤ ሁሉም በአንድ ዕቃ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ እያንዳንዱ ግን ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ነው። የካሜራውን ፕሮግራም ማደስ ነበረብኝ። በዋናው ላይ ከመሞከሬ በፊት ኮፒ አድርጌ ቁምሳጥን ውስጥ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስነሳሁት። ያለ ፈቃድ ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው። ምክትሉ ጽፈው ለጥፈውብናል።"

"እሺ፣ ከዚያ?"

"ኮፒ የተደረገ ማሽን ሲነሳ ፕሮግራሙ ይጠይቃል፤ ተዛውሮ ነው ወይስ ኮፒ ነው ብሎ። ኮፒ ነው ካሉት አዲስ መታወቂያ ቁጥር ይሰጠዋል። ተዛውሮ ነው ካሉት የድሮ መታወቂያውን እንደያዘ ይነሳል። እዚህ ቤት ሁሌ ተዛውሮ ነው ነው የምንለው፤ መታወቂያው ከተቀየረ የካሜራው ፕሮግራም ፈቃድ አይሠራልንም። እጄ ለምዶ እንደዚያው አልኩት።"

"ታዲያ ሁለቱ አንድ መታወቂያ ያዙ።"

"መታወቂያም፣ አድራሻም። ይህ ብቻ ቢሆን ችግር የለውም ነበር። ለእያንዳንዱ ተከራይ የሚወጣበትን በር የምንመርጠው እኛ ነን። አንዱ በአከራዩ በር ይወጣል። አንዱ ከግቢ ጨርሶ አይወጣም፤ ለሙከራ እሱ ነው የሚመረጠው። አንዱ ደግሞ የራሱን በር ወደ መንገድ ይከፍታል፤ ብሪጅ እንለዋለን። ኮፒው ብሪጅ ላይ ነበር። ልቀይረው ስል ስልኬ ጮኸ።"

"ሚስትህ።"

"ጨርቄን ማቄን ሳልል ሮጥኩ። ክፍሉንም አልዘጋሁም፣ ከመለያዬም አልወጣሁም። ስለዚህ ሁለት ማሽን በአንድ ስም አንድ መንገድ ላይ ቆሙ። ካሜራው ምስል ሲልክ አንዴ ይሄኛው አቤት ይላል፣ አንዴ ያኛው።"

ሳጅኑ ወደ እኔ ዞረ። የሁለታችንም ሐሳብ ሽማግሌው ጋ ነበር፤ ያልመጣው እግር፣ ያልመጣው ጭንቅላት።

"ዛሬ ጠዋት ስመጣ ዋናው ጠፍቶ ኮፒው በርቶ አገኘሁት" አለ ሽቦው። "ቅዳሜ ኮፒውን ልዝጋ ብዬ በጥድፊያ ዋናውን የዘጋሁት መሰለኝ። ካሜራውን ያሳወርኩት እኔ ነኝ፣ መሣሪያው የተሰረቀው በእኔ ነው ብዬ አመንኩ። ዋናውን አስነስቼ፣ ኮፒውን አጥፍቼ ዝም አልኩ።"

"አሁን በደንብ አዳምጠኝ" አልኩት። "ሁለቱ በአንድ ስም አቤት እያሉ ሳለ አንደኛው ቢጠፋስ?"

"ያኔ አቤት የሚለው አንድ ብቻ ይሆናል።"

"ምስሉስ?"

"ጥርት ይላል" አለ። "ሁሉም ወደ ኮፒው ነው የሚሄደው።"

"ኮፒው ይቀዳል?"

"መቅዳት ነው ሥራው።"

ሦስታችንም ተነሳን። ሳጅኑ መኪናውን እንዴት እንደነዳው አልናገርም፤ እሱም እኔም የትራፊክ ሕግ የምናስከብር ነንና።

ቁምሳጥኑን የከፈተው ሳጅኑ ነው። ሽቦው ምንም እንዳይነካ አድርጌ ከጀርባዬ አቆምኩት፤ እሱ ይናገራል፣ ሳጅኑ ይሠራል። "መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ንቀለው" አልኩ፤ በዚያች ቀን ተማሪ ሆኜ ነበር። "በሩንም ከግቢ የማይወጣው አድርገው።" ሽቦው ከጀርባዬ ሲስቅ ሰማሁት፤ ከታሰረ ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቁ ነው።

ማሽኑ ተነሳ። የቅዳሜው ምስል መጣ፤ ስክሪኑ በአራት ተከፍሏል፤ በሩ፣ ደረጃው፣ የዕቃ ቤቱ ኮሪደር፣ የልብስ ማጠቢያው መውጫ። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም እያለ፣ ሰዎቹ በቁራጭ በቁራጭ ሲያልፉ አየን። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጥርት አለ። ዋናው ማሽን የጠፋው በዚያች ቅጽበት ነው።

በዚያች ቅጽበት ሽቦው ደረጃው ላይ ነበር። ጭንቅላቱን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። ከስክሪኑ ማዶ የሆነ ሰው በእሱ ጠረጴዛ፣ በእሱ መለያ ማሽኑን እያጠፋ ነው፤ እሱ ግን እዚህ እየታየ ነው። ንጹሕነቱ ራሱ የደበቀው ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

"ኮሪደሩን ተመልከቱ" አለ ሳጅኑ።

ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ዕቃ ቤቱን ከፈተ። ገባ። ካርቶን ታቅፎ ወጣ። ፊቱን አንዴም አላዞረም። በፊት በሩ አልሄደም፤ እዚያ መውጫ የሚጠይቁ ሰው አሉ። ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረደ። የዚያ በር መቀርቀሪያ ግን ከላይ ነው፤ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ፣ እጁን ሰቀለ፣ ቀና አለ።

ምክትሉ ነበሩ።

ያኔ ትዝ አለኝ፤ ከወገቡ በላይ መጥቶ እግሩ የሚቀረውን ሰው መጀመሪያ የሰማሁት ከማን አፍ እንደሆነ።

ሳጅኑ ወደ ሽቦው ዞረ። ሽቦው ግን ምክትሉን አላያቸውም። ዓይኑ የደረጃው ምስል ላይ ነው። እዚያ አዋላጇ በሩን ከፍታ ወጣች፤ የሆነ ነገር አለችው፤ ሰውየው ተንበርክኮ ሁለት እጆቿን ያዘና ሳማቸው። ድምፅ የለውም። ደጋግሞ ሳማቸው።

"ይህን አላስታውሰውም" አለ ሽቦው በቀስታ። "ሳላመሰግናት የቀረሁ መስሎኝ ሲቆጨኝ ነበር።"

ሳጅኑ አፍንጫውን ጠራረገ። እኔም ወደ ቁምሳጥኑ ዞሬ ትንሽ ቆየሁ።

ምክትሉ እንደገና ወንበር ስበው ተቀበሉኝ። አልተቀመጥኩም።

"ያንን ብልጭ ድርግም የሚል ምስል መቼ ነው ያዩት?" አልኳቸው።

"ሁልጊዜ ነው እኮ።"

"እንደዚያ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት። እርስዎ ደግሞ አማቶችዎ ጋ ነበሩ።"

"ዘበኛው ነግሮኝ ይሆናል።"

"እሳቸው ለማንም አልነገሩም። ቴሌቪዥኑን የሰበሩ መስሏቸው ፈርተው ነበር። ምስሉ ሊታይ የሚችለው በጥበቃ ቤቱና በሽቦው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ጥበቃ ቤት አልገቡም።"

"ይህ ማስረጃ አይሆንም፣ ኢንስፔክተር።"

"አይሆንም" አልኩ። "ማስረጃው ታች ነው። መቀርቀሪያውን ለመሳብ ቀና ሲሉ በደንብ ወጥተዋል።"

የቀረበልኝን ውሃ ራሳቸው ጠጡት። "ካሜራው እኮ ጠፍቶ ነበር" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለብርጭቆው።

መሣሪያው የሚስታቸው ወንድም አዲስ የከፈተው ክሊኒክ ውስጥ ነው። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ቅዳሜ በጓሮ ሲገቡ የልጁ ክፍል ክፍት፣ ስክሪኑ በርቶ መቆየቱን፣ በአንድ ትእዛዝ ካሜራውን ማጥፋታቸውን፣ ነገሩ በልጁ ይመካኛል ብለው እንዳላሰቡ።

"ጠዋት ጣትዎን የቀሰሩት እሱ ላይ ነበር" አልኳቸው።

"ፈርቼ ነው።"

"እናቶች ለምስጋና የሰጡት ዕቃ ነው።"

"እዚያም የሚመጡት እናቶች ናቸው" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በጨዋ ደንብ መናገር አቃተኝ፤ የተናገርኩትንም እዚህ አልጽፈውም። ሳጅኑ በልብስ ማጠቢያው በር ይዟቸው ወጣ። በሽተኞቹን ላለማስደንገጥ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት አልትራሳውንዱ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ እንደገና አለቀሰች፤ የዚህኛውን ለቅሶ ማንም አልከለከላትም። አዋላጇ መሣሪያውን ከእጇ ተቀብላ፣ መሥራቱን አይታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና መኪና እየጠበቃት ነው ብላ ሄደች።

ሽቦው ሚስቱንና ልጁን ሊወስድ ሲመጣ እኔም እዚያ ነበርኩ። ሥራ ስለነበረኝ አይደለም፤ ማየት ስለፈለግሁ ነው። ልጁን "ሊወድቅብኝ ነው" እያለ ታቀፈው፤ አማቱ ከኋላው ቦርሳውን ይዘው ክርኑን ይደግፋሉ፤ አራሷ ቀስ ብላ ትራመዳለች። በፊት በር ነው የወጡት። ጋሽ መውጫ ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ከዚያ የሕፃኑን ፊት አይተው "እለፉ" አሉ።

አማትየዋ ወደ እኔ መጡ። እጄን ይዘው ምርቃት ጀመሩ፤ ዕድሜሽ ይርዘም፣ የወለድሽው ይባረክ፣ እጅሽ አይጠር። ምርቃት እወዳለሁ፤ በዚህ ሥራ ከስድብ በስተቀር ብዙ አይደርሰንም። ያን ጠዋት ግን አንገቴን ደፋሁ።

"እናቴ፣ ይህ ለእኔ አይገባም" አልኳቸው። "ለእኚህ ሰው ነው።"

ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እጄን ለቀው ወደ ጥበቃው ዞሩና ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀምረው ለእሳቸው ደገሙት። ሽቦውም ልጁን እንደታቀፈ አጎንብሶ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ፤ እሱ ምክንያቱን ያውቃል። ጋሽ መውጫ ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ ቤተሰቡን ያያሉ። ለእሳቸው ማንም የነገራቸው ነገር አልነበረም። ምርመራ ላይ ጠይቀናቸው፣ ተቆጥተናቸው፣ ጥለናቸው ሄደን ነበር።

ቤተሰቡ መንገዱን ተሻግሮ መኪና ውስጥ እስኪገባ ጠበቅሁ።

"ጋሼ፣ አመሰግናለሁ" አልኳቸው።

"ለምኑ?"

ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ገባሁ፤ ሁለተኛውን በርጩማ ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ስለ ሁለቱ ማሽኖች ነገርኳቸው፤ ስላጠፋው ሰው ነገርኳቸው፤ ያን ወረቀት ፈርመውልኝ ቢሆን እኔም ወደ ልጁ እንደማልመለስ፣ የሚጠፋውም ሰው ማን እንደነበር ነገርኳቸው። ሊያቆሙኝ ሁለቴ እጃቸውን አነሱ፤ ሰው እየገባ ነውና መውጫ ማየት ነበረባቸው። እየጠበቅሁ ቀጠልኩ።

ስጨርስ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ስለ ማሽኑም፣ ስለ ምክትሉም ምንም አልጠየቁኝም።

"እንግዲያው ልጁ ቤቱ ገባ በይኛ" አሉ።

"ገባ፣ ጋሼ" አልኳቸው።